መፈክር የበዛበት ማሽን

ጠዋት ጊቢ ስገባ መጀመሪያ የምሰማው የመኪና ሞተር አልነበረም፤ የዚያን ማሽን ማጓራት ነበር። ግርር ይላል፣ ቂጭ ቂጭ ይላል፣ ደግሞ ግርር። አሸዋ የገባበት ወፍጮ ነው የሚመስለው። በመስኮቱ በኩል ትንሿ ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ስትል ትታያለች። ውጭ ደግሞ ቲማቲም የጫኑ መኪናዎች ተሰልፈዋል፤ ሹፌሮቹ መሪያቸው ላይ ተደፍተው ያንቀላፋሉ። ከመኪናው ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ቤንዚን እንዳይመስልህ፤ የቲማቲም ውኃ ነው።

ናዝሬት ነው ይሄ፣ በደርግ ጊዜ፣ ወደ መጨረሻው ላይ። የመንግሥት አትክልት እርሻ ውስጥ ነበር የምሠራው። ማሳው አዋሽ ዳር ነው፣ ቢሮው ከተማ ውስጥ። ሰው ሥራህ ምንድነው ሲለኝ ኤሌክትሪሽያን ነኝ እላለሁ። አምፖል እቀይራለሁ፣ ሶኬት እጠግናለሁ፣ ቬንትሌተር ሲቆም በካቻቢቴ እጎረጉራለሁ፤ ይኸው ነው። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት። ተውኩት ከማለት አፌ አስተወኝ ማለት ይቀላል፤ እሱን እመለስበታለሁ።

ማሽኑ ሳይመጣ በፊት መኪና የሚያሰማራው አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር። ጎህ ሲቀድ መስኮት ላይ ቆሞ፣ አንተ ወለንጪቲ፣ አንተ መተሐራ፣ አንተ አዲስ አበባ እያለ ይጮሃል፤ መኪናዎቹ አቧራቸውን አጭሰው ይሄዳሉ፤ አለቀ። ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ምረቃ ተደረገለት፣ ሪባን ተቆረጠለት፣ ለስላሳ ተጠጣለት። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ያላተመው የመውጫ ወረቀት የሌለው መኪና ከበር አያልፍም ተባለ። ወፍራሙ ሰውዬም ጡረታ ወጣ።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ እውነትም ማሽን ነበር። ኦፕሬተሯ ስታበራው ነጠላዋን ሚስማር ላይ ሰቅላ ሳትጨርስ ተነስቶ ይጠብቃታል። በሦስተኛው ዓመት ግን፣ አብርታው ወጥታ፣ ዳቦ ገዝታ፣ ሻይ ጠጥታ፣ ከጽዳቷ ሴትዮ ጋር የሰፈሩን ወሬ ጨርሳ ስትመለስ ማሽኑ ገና ግርር ላይ ነው። ፀሐይዋ የመኪናውን ሸራ አልፋ ቲማቲሙን መቀቀል የምትጀምረው ያኔ ነው።

ኦፕሬተሯን እትዬ ነበር የምላት። ከኔ በዕድሜ ብዙም አትርቅም፤ ግን የልጅ እናት ናት፣ ባሏ ግንባር ነው፣ ፊቷ ላይ ደግሞ አንቺ ብለህ እንዳትደፍራት የሚያደርግ ነገር አለ። ድሮ ታይፒስት ነበረች። አዲስ አበባ ልከው ኮርስ አስተማሯት፤ ተመልሳ ስትመጣ ስለ ማሽኑ ከሷ በላይ የሚያውቅ ቢሮ ውስጥ አልነበረም። እኔን እንደ ሰው ከሚያናግሩኝ ጥቂት ሰዎች አንዷ እሷ ናት። ሌላው ሰው አምፖል ሲቃጠልበት ነው ትዝ የምለው። እሷ ግን በጠዋት ዳቦዋን ቆርሳ አንዱን ትሰጠኛለች፤ ማታ ከማን ጋር ተጣልተህ አደርክ ትለኛለች። ሁሌም የተጣላሁት አንድ ሰው ነበር።

ነገሩ የከረረው በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ ሰው ያውቀዋል፤ ቆመህ የራስህን ጥፋት ትናገራለህ፣ ከዚያ ሌላው የረሳኸውን ያስታውስሃል። አንዱ የሂሳብ ሠራተኛ ተነሳና፣ ማሽኑ አዲስ ሆኖ ሳለ እንዲህ የሚንቀራፈፈው ያለ ምክንያት ነው ወይ? አትክልት ጊቢ ውስጥ እየበሰበሰ የሚጠቀመው ማነው? ብሎ ጠየቀ። ከዚያ አንድ ቃል ጣለና ተቀመጠ። አሻጥር።

ያ ቃል ቀላል ቃል አይደለም። በሰፈራችን በዚያ ቃል የተጠራ ሰው ነበር፤ ሥራ እንደሄደ ነው የቀረው። ለሚቀጥለው ሳምንት ቁጥጥር ኮሚቴው ጉዳዩን እንዲያይ ተወሰነ።

በማግስቱ እትዬ አንድ የዕቃ ቦርሳ ይዛ መጣች። ጠረጴዛዋ ሥር አስገባችው። ምንድነው ስላት ወደ ማሽኑ ዞረች። በኋላ ጽዳቷ ሴትዮ ነገረችኝ፤ ብርድ ልብስና ሹራብ ነው። ከሥራ ቦታ ቀጥታ ከወሰዷት፣ ቤቷ ሄዶ ልብስ የሚያመጣላት እስኪገኝ ብርድ እንዳይመታት። ሌላ የሚላክ ሰው የላትም። ያቺን ቦርሳ በየቀኑ ጠዋት ተሸክማ ትመጣለች፣ ማታ ተሸክማ ትመለሳለች፤ ሌሊትም ቢመጡባት ብላ ሳትፈታት በሯ ሥር ታሳድራታለች።

እኔ በዚያች ቦርሳ ነው የተናደድኩት። ድሮም ንዴት አላጣም፣ ግን የዚያ ጊዜው ሌላ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና፣ ኮሚቴው ሳይቀመጥ ነገሩ የመብራት ጉዳይ መሆኑን አጣራ አለኝ። ደስ አለኝ። የመብራት ጉዳይ ይሆናል ብዬ ማልሁ። ለእትዬም፣ አታስቢ፣ ዛሬ እጨርሰዋለሁ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች፤ ያ ፈገግታ ያኔ አልገባኝም።

መጀመሪያ ኃይሉ ይዋዥቅ ይሆናል ብዬ ከክሊኒኩ ማቀዝቀዣ ላይ ስታቢላይዘር ተውሼ መጣሁ። ክሊኒኩ ዕቃውን አልሰጥም ብሎ ከነርሷ ጋር ተጨቃጨቅሁ። ገጠምኩት፣ አበራን፣ ግርር። በሁለተኛው ቀን ሙቀቱ ነው አልኩ። ናዝሬት ነው እንግዲህ፤ ሰው እንኳን ከቀትር በኋላ ይንቀራፈፋል። ቬንትሌተር አምጥቼ ፊቱ ላይ ደቀንኩበት። የእትዬን ወረቀት ሁሉ ክፍሉ ውስጥ በተነ እንጂ ማሽኑ አልተነቃነቀም። በሦስተኛው ቀን አቧራ ነው አልኩ። ካቻቢቴ ይዤ ክዳኑን ከፈትኩት፤ ውስጡ እውነትም የናዝሬት አቧራ ተኝቶበታል። ከጎሚስታው ዘንድ የእጅ መንፊያ ተውሼ ነፋሁለት። እትዬ ከኋላዬ ቆማ፣ ጎማ አይደለም እኮ፣ ቀስ ትላለች። ዘጋሁት፣ አበራን።

ግርር።

በካልቾ ልለው ነበር። እትዬ ክንዴን ያዘችኝ።

ከዚያ በሩን ዘጋችውና መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ፍሎፒ ዲስክ አወጣች። ያኔ ፍሎፒ የሰፌድ ቁራጭ የሚያህል ስስ ነገር ነው፤ ከታጠፈ ሞተ ማለት ነው። ማሽኑን አጠፋችው፣ ፍሎፒውን በአፉ አስገባች፣ መልሳ አበራችው። አንዴ ሳል ቢጤ አለና ተነሳ። አረንጓዴው ጽሑፍ ብቅ ብሎ ትእዛዝ ይጠብቃል።

ማሽኑ አልታመመም አለችኝ። ሲነሳ ከትልቁ ዲስክ ሳይሆን ከዚህች ከትንሿ እንዲጀምር አደረግሁት። ይህቺ ላይ የሚያስፈልገው ብቻ ነው ያለው። ትልቁ ዲስክ ላይ ግን ጠዋት ሲነሳ አንብብ፣ አሳይ ተብሎ የታዘዘው ነገር በዝቶበታል፤ ያንን ሁሉ ከየጥጋጥጉ እየለቀመ ሲያነብ ነው የሚውለው። የምትሰማው ድምፅ ዲስኩን የምታነበው መርፌ ሩጫ ነው።

ምንድነው እሱ የሚያነበው አልኳት።

አጠፋችውና ያለ ፍሎፒ መልሳ አበራችው። ወንበሯን ወደኔ ገፋችልኝ። ተቀመጥ አለችኝ፣ ይቆያል።

መፈክሮቹ ነበሩ። በየቀኑ አያቸዋለሁ፣ ሁላችንም እናያቸዋለን፣ ግን እንደ ግድግዳ ቀለም ዓይናችን ለምዷቸው ነበር። ለምረቃው ቀን አንድ መፈክር ማሽኑ ላይ ይታይ ተብሎ ታዘዘች። ማሽኑ የኛን ፊደል አያውቅም። ስለዚህ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ እያንዳንዷን ፊደል ነጥብ በነጥብ ስላ እንደ ፎቶ አስገባችው። ፎቶ ደግሞ ከባድ ነው፤ አንዷ መፈክር የአንድ ወር የመኪና ስምሪት የሚይዘውን ቦታ ትይዛለች አለችኝ። በምረቃው ቀን ማሽኑ ሲበራ መፈክሩ ወጣ፣ ተሰብሳቢው ተነስቶ አጨበጨበ፣ አለቀ መሰለ። ቀጥሎ አንድ በዓል መጣ፤ የሱም ይጨመር ተባለ። ከዚያ የዛፍ ተከላ ዘመቻ። ከዚያ የመሠረተ ትምህርት። ከዚያ የወዳጅ አገር እንግዶች ሊጎበኙን መጡ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ተሳለላቸው። እንግዶቹ አገራቸው ከገቡ ዓመት አልፏቸዋል፤ ማሽኑ ግን በየጠዋቱ ይቀበላቸዋል። አንደኛው መፈክር ላይ ጭራሽ ዜማ አለበት፤ ጲጵ ጲጵ እያለ ግማሽ ማርሽ ያፏጫል፣ ግማሹን ይተወዋል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በምረቃው ቀን ስለቆምን፣ ከዚያ በኋላ መፈክሩ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ የተገኘ ሰው መቆም ለመደ። ማንም አላዘዘም። አንዱ ቆመ፣ ሌላው ቁጭ ብሎ መታየት ፈራ። ስለዚህ ጠዋት እትዬ ክፍል የገባ ሰው፣ ማሽኑ ተንቀራፎ መፈክሩን እስኪጨርስ፣ በቁሙ ነው የሚጠብቀው።

ታዲያ ለምን አታወጪያቸውም አልኳት።

"ማን ነው የሚያወጣው?" አለች። "እኔ? በዚህ ጣቴ መፈክር ሰርዤ?"

አንዴ ቸኩላ ቁልፍ ተጭና መሃል ላይ አቋርጣው ነበር አሉ። መኪና በጣም ዘግይቶ፣ ሹፌር እየጮኸባት። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ፣ ጓዲት መፈክር አቋርጣ ታይታለች አለ። ያኔ በማስጠንቀቂያ አለፈች። በፍሎፒው አስነስታ ብትሠራም ያው ነው፤ መፈክሩ የት ሄደ ይባላል። ካላቋረጠች አሻጥር፣ ካቋረጠች ንቀት። በምንም በኩል ብትዞር መውጫ የላትም፤ መውጫ ወረቀት የምታትመው ደግሞ እሷው ናት።

ሁሉም ያውቃል ወይ አልኳት። ሥራ አስኪያጁም? ካድሬውም?

ዓይን አላቸው እኮ አለችኝ።

ተነሳሁ። እኔ አጠፋዋለሁ፣ አሁኑኑ፣ አሳይኝና የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ንገሪኝ አልኳት። ስሰድብ ምን ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም። እሷ ድምፄ ወደ ኮሪደሩ እንዳይወጣ እጇን አፌ ላይ ልታደርግ ምንም አልቀራት።

"አንተ ብታጠፋው የሚጠየቀው ቁልፉ የማን ነው ተብሎ ነው" አለችኝ። "ንዴትህን አልጠላውም፤ ሰው አንድ የሚናደድለት ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ግን አፍህን ያዝልኝ። ለልጄ ስትል።"

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ለኔ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

ካድሬውን ልንገርህ። የድርጅቱ የፖለቲካ ኃላፊ ነው፤ ጓድ ነው የሚባለው፤ እኔ ግን ጓድ ብዬው አላውቅም፣ አቤት ብዬ ነው የማልፈው። ድሮ አሥረኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተማሪዬ ነበር። አንድ ቀን ስለ ስምጥ ሸለቆ ያስተምረናል፤ ይሄ የቆምንበት መሬት በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተሰነጠቀ ነው፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ባሕር ይገባበታል አለ። እኔ እጄን አወጣሁና፣ ቲቸር፣ ባሕር ከገባ በኋላ ዓሣዎቹም በቀበሌ ይደራጃሉ ወይ አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ፊቱ አመድ መሰለና ውጣ አለኝ። ወላጅ ይዘህ ና አለኝ። እኔ ወላጅም ይዤ አልሄድኩ፣ ትምህርት ቤትም አልተመለስኩ። ከዚያ እሱ ካድሬ ሆነ፣ እኔ አምፖል ቀያሪ ሆንኩ። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ እሱ መሬት ያያል፣ እኔ ጣሪያ።

ኮሚቴው ሊቀመጥ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሰኞ ነበር፤ በሳምንቱ መጨረሻ በዓል አልፏል። ይህቺ ሴት በአሻጥር ልትጠየቅ ቀን ተቆርጦላት፣ ለበዓሉ ደግሞ አዲስ መፈክር ስለሽ አስገቢ ተብላ አስገብታለች። አዲሷ ስትጨመር ማሽኑ ጨርሶ ወገቡን ያዘ። እኔ ስታቢላይዘሩን ልፈታ ገብቼ ክፍሉ ውስጥ ነኝ። ግርር፣ ቂጭ ቂጭ። የዛፍ ተከላው ገና አልመጣም።

አንድ ሽማግሌ ሹፌር ገባ። የወለንጪቲ ሰው ነው፣ ጋሼ እንለዋለን፣ ጠዋት ሁሌ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ብሎ ነው የሚገባው። መፈክሩን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። እኔም ቆሜያለሁ። እትዬም ቆማለች። ካድሬው በዚያው ገባ፤ የበዓሉን አበል ምናምን ሊጠይቅ ነው የመጣው፤ እሱም ቆመ። አራት ሰው፣ አንድ ማሽን ፊት፣ ቆመን። ማሽኑ ግማሽ ማርሹን ያፏጫል።

ጋሼ በዝግታ፣ ዓይኑን ከማሽኑ ሳያነሳ፣ እትዬን እንዲህ አላት፦

"ልጄ፣ ቲማቲም ነበር የጫንኩት። አሁን ወርጄ ሳየው ሳልሳ ሆኗል። ሳልሳ አድርስ የሚል ወረቀት ታትሚልኛለሽ?"

ማንም አልሳቀም። እትዬ ወደ ቦርሳዋ ስታይ አየኋት። እግሯን ዘርግታ ወደ ውስጥ ገፋችው፣ ካድሬው እንዳያየው። እሱ ግን አየው። ምን እንደሆነም ገባው፤ ፊቱ እንደዚያ ቀን አመድ ሆነ።

በመስኮቱ የናዝሬት ነፋስ ይገባል። ማዶ መንገዱ ላይ የቀበሌው ዘበኛ መሰላል ላይ ወጥቶ የበዓሉን አቡጀዲ እየፈታ ነው። መፈክሩ በቀይ ቀለም የተጻፈበት ረጅሙ ጨርቅ ነው፤ ነፋሱ እንደ ሸራ እየነፋው ሰውዬውን ሊጥለው ይታገላል። አንዱን ጫፍ ፈታ፣ ወረደ፣ ሌላኛውን ፈታ፣ ከዚያ ከአንድ ሴትዮ ጋር ጫፍና ጫፍ ይዘው እንደ አንሶላ ያጥፉት ጀመር።

አፍህን ያዝልኝ ያለችኝን አልረሳሁም። ግን አፌ ቀደመኝ።

"ያንን የሚያወርደውን ሰውዬ ማን ይጠይቀዋል?" አልኩ።

ካድሬው ወደኔ ዞረ። "ምን አልክ?"

"ዘበኛውን። መፈክር አወረደ ተብሎ ተጠይቆ ያውቃል? በዓሉ ካለፈ ያወርዱታል፣ ያጥፉታል፣ ግምጃ ቤት ይከቱታል፣ ለከርሞ ያወጡታል። ሁሌም ካልወረደ ነፋስ ይቀደዋል። ይሄ ማሽን ግን ይኸው ከምረቃው ጀምሮ የሰቀለውን አላወረደም። ወገቡ ተቆረጠ፣ ጨርሶ ሊሞት ነው። እሷን ደግሞ…"

እዚያ ላይ ቆምኩ። በሕይወቴ ዓረፍተ ነገር ያልጨረስኩት ያኔ ነው።

ማሽኑ እንኳን ደህና መጣችሁ ላይ ደረሰ። ካድሬው ጋሼን፣ እባክዎ ትንሽ ውጭ ይቆዩ አለው። በሩን ዘጋ። አለቀልን ብዬ አሰብኩ። እትዬ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ መፈክሩ ገና ሳያልቅ ተቀመጠች።

ካድሬውም ተቀመጠ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ፣ ድሮ ክፍል ውስጥ እንደሚቀመጠው። ከዚያ እኔን ሳያይ፣ ያን ቀን ከክፍል ያስወጣሁህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ አለኝ። ስለቀለድኩብህ ነዋ አልኩት። አይደለም አለ፤ ከኋላህ ይቀመጥ የነበረው ልጅ የክፍሉን ወሬ ለቀበሌ እንደሚያደርስ አውቅ ነበር። ውጣ ካላልኩህ ማታውን ሌላ ሰው ና ይልህ ነበር። ወላጅ ይዘህ ና ያልኩህ አባትህን ልመክረው ነው፤ አንተ ግን አልመጣህም።

ስንት ዓመት የጠላሁት ሰውዬ ነው። ይቅርታም አላልኩት፣ አመሰግናለሁም አላልኩት። እውነት መሆኑንም እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም። ግን ፊቱን ሳየው የሚዋሽ ሰው አልመሰለኝም፤ የደከመው ሰው ነው የመሰለኝ። እሱም እንደኛው ነው። የመጀመሪያዋን መፈክር አውርዱ ብሎ ያዘዘ ሰው ለምን ተብሎ ይጠየቃል፤ የሚጠይቀው ደግሞ ከሱ በላይ ያለ ሌላ የሚፈራ ሰው ነው።

ከዚያ እትዬን፣ ማጥፋት ሳያስፈልግ ማንሳት ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቃት።

"ይቻላል" አለች። "ፍሎፒ ላይ ገልብጬ አስቀምጣቸዋለሁ። በዓሉ ሲደርስ መልሼ አወጣቸዋለሁ።"

"እንግዲያው አይሰረዝም" አለ። "ይታጠፋል።"

ወረቀት ሳበና እዚያው መጻፍ ጀመረ። ያንን ሲጽፍ እያነበበልን ነበር፤ የካድሬ አማርኛ ሲፈልግ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያኔ ነው ያወቅሁት። መፈክሮቹ በየዕለቱ በመታየታቸው ክብራቸው እንዳይቀንስ፣ በየበዓላቸው ዕለት ደምቀው እንዲታዩ፣ እስከዚያው በተገቢው ጥንቃቄ በልዩ ዲስክ እንዲጠበቁ። ክብካቤ ብሎ ነው የጠራው። እኔ ሳቄን ለመያዝ ስታቢላይዘሩን ታግዬ ፈታሁ። እትዬ አልሳቀችም። እያንዳንዷን ቃል እንደ ዳኛ ፍርድ ነው የምታዳምጠው።

አንዷ ግን ማሽኑ ላይ ትቅር አለ፤ ባዶ ከሆነ ያስጠይቃል። የትኛዋ ትሁን ብሎ ጠየቀን። ሦስታችንም ተያየን፤ ማን ደፍሮ ያማርጣል? በመጨረሻ እትዬ፣ አጭሯ ትሁን አለች።

ማታ ተደብቀን አልሠራንም፤ ቀን ነው የሠራነው፣ በግላጭ፣ በሩ ተከፍቶ፣ የካድሬው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ። እኔ ፍሎፒ አቀባይ ሆንኩ። መፈክሮቹ ሲነሱ ማሽኑ ቀለል አለው፣ ግን ግርሩ ጨርሶ አልጠፋም። እኔ፣ እንዴ፣ ደግሞ ምን ቀረ ብዬ ተበሳጨሁ። እትዬ አስረዳችኝ። ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር፣ አዲስ ነገር ባስገባች ቁጥር ማሽኑ ባገኘው ክፍተት ቆራርጦ ነው የሸጎጠው። ግማሹ እዚህ ጥግ፣ ግማሹ እዚያ ጥግ። መኪና ላይ ሣጥን በየቀዳዳው እንደወሸቁት ማለት ነው፤ አንዱን ለማውጣት ሁሉን መነካካት አለብህ። መድኃኒቱ ሁሉንም አራግፎ በሥርዓት መልሶ መጫን ነው። ለዚያ ደግሞ የነበረን ፍሎፒ አልበቃ አለን። ካድሬው ራሱ በጋሪ ሄዶ ከሌላ መሥሪያ ቤት ተውሶ አመጣ። ሹፌሮቹ የዚያን ቀን መውጫ በእጅ ተጽፎ፣ በካድሬው ፊርማ ሄዱ። ሲሄዱ እያየሁ፣ በእጅም ይቻላል ለካ ልል ነበር። አላልኩም። አንድ ቀን አይበቃም?

በማግስቱ ጠዋት ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት አባላቱ እትዬ ክፍል መጡ። የሂሳብ ሠራተኛውም አለ። ካድሬው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እትዬ ነጠላዋን ሚስማሩ ላይ ልትሰቅል እጇን ዘረጋች፣ በሌላው እጇ ማሽኑን አበራች። አንድ ጊዜ ሳለ። አጭሯ መፈክር ብቅ ብላ ጠፋች። ወንበር የያዙት ሊቆሙ፣ የቆሙትም ቀጥ ሊሉ ሲሞክሩ፣ ፕሪንተሩ የጋሼን ወረቀት እያንቋቋ ነበር። በር ላይ ሲጠብቅ የነበረው ጋሼ ገብቶ ወረቀቱን ከፕሪንተሩ ገነጠለና፣ ሻይ ሳልጠጣ ልታባርሩኝ ነው ብሎ ወጣ።

የሂሳብ ሠራተኛው፣ መፈክሮቹስ ብሎ ጀመረ። ካድሬው ወረቀቱን ሰጠው። አነበበው። ክብካቤ የምትለዋ ቃል ላይ ቆየ፤ ሊቃወማት ፈልጎ የሚይዝበት ጎን አጣላት። አጣጥፎ መለሰለት።

ኮሚቴው ያን ቀን ተቀመጠ፣ ግን ስለ እትዬ አይደለም። በቃለ ጉባኤው ችግሩ በፖለቲካ አመራሩ ትክክለኛ መመሪያ ተፈታ ተብሎ ተጻፈ። ይቅርታ የጠየቃት ሰው የለም። ያንን ቃል የጣለው ሰውዬ ምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ ወረቀት እንድታትምለት ጠየቃት፤ እሷም አተመችለት። እኔ በንዴት ጨስኩ። እንዴት ዝም ትያለሽ፣ እንዴት አንድ ነገር አትይውም እያልኩ ስጮህ፣ እሷ ጠረጴዛዋ ሥር ጎንበስ ብላ ቦርሳዋን አወጣች።

ማታ ከሥራ ስንወጣ፣ እስከ ጋሪው ያዝልኝ ብላ ሰጠችኝ። ሁሌ ራሷ ነበር የምትይዘው፤ ለማንም ሰጥታው አታውቅም። ቀላል ነበረች ቦርሳዋ። ጋሪው ላይ ካስቀመጥኩላት በኋላ ዚፑ ክፍት ስለነበር ብርድ ልብሱን አየሁት። የልጅ ነው። አሮጌ፣ ጫፉ የተተለተለ፣ ዶሮ የተሳለበት። በቤቷ የነበረው ብርድ ልብስ እሱ ብቻ ኖሯል።

ማየቴን አየች። ዚፑን ዘጋችውና፣

"ልጄ በየሌሊቱ ብርድ ልብሴ የት ሄደ ትለኛለች" አለችኝ። "ታጥቧል፣ አልደረቀም እያልኩ ስንት ቀን ዋሸኋት።"

ባለ ጋሪው ልጓሙን ሳበ። እትዬ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሁለት እጇ አቅፋው፣ ፊቷን ወደ ሰፈሯ አዞረች።

"ዛሬ ደርቋል እላታለሁ" አለች።